ለአራት እጅ የታተመ

ላይፕዚግ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1994

ውድ ሎታር፣

ብሬመን እህትህ ቤት እንዴት ከረምህ? ሳልህስ ተሻለህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ይፈራል እንጂ ሌላው ሁሉ ይሠራል።

የሙዚቃ ኖታ ስብስባችንን ለሁለት እንዲከፍል የላክኸው ነጋዴ፣ አቶ ክረል፣ ማክሰኞ መጣ። መልሴን ከእሱ ሳይሆን ከእኔ ስማው፦ አይሆንም። አንዲት ገጽ ከዚህ ቤት አትወጣም።

ሰውየው ገና ኮቱን ሳያወልቅ፣ "ወይዘሮ ኖልቴ፣ እርስዎ አይድከሙ፤ እኔው እኩል አደርገዋለሁ" አለኝ።

የመጀመሪያውን መሳቢያ ከፈትሁለት። አንተና እኔ ዕድሜያችንን ሙሉ የለቀምነው፣ ሁለት ሰው ባንድ ፒያኖ የሚጫወተው ነው፤ የግራው ገጽ ለወፍራሙ ድምፅ፣ የቀኙ ለቀጭኑ።

"የባለቤቴ ግማሽ የትኛው ነው?" አልሁት።

"እንግዲህ..." ብሎ ገጾቹን ወዲህና ወዲያ ገለበጠ።

"መቀስ ይዘዋል?"

"ኧረ ወይዘሮ ኖልቴ!"

"እንግዲያው ኮትዎን አያውልቁ።"

ሳይወጣ ግን አንድ ውለታ ዋለልኝ። ባለፈው ፀደይ በር ወርውረህ የሄድህበትን የዚያን የሮንዶ ሙዚቃ ሌላ ቅጂ ከቦርሳው አወጣ። ያን ቀን ቅጂያችን ዘግይቶ የታተመ ነው ስልህ፣ በእንግዶች ፊት፣ የዝይ ጥብስ እየበላን ያልኸውን አልረሳሁም፦ "የሰሌዳው ቁጥር የ1832 ነው፤ አለቀ! እሷ ስንጥቅ ስትለካ ትኑር!" ቁጥሩ ኖታው በብረት ሰሌዳው ላይ መቼ እንደተቀረጸ ይናገራል፤ ይህ ወረቀት መቼ እንደታተመበት አይናገርም። አሳታሚዎቹ ሙዚቃው ያረጀ እንዳይመስል ዓመቱን አይጽፉም ነበር፤ ስለዚህ የሰሌዳውን ቁስል እንመለከታለን። የሰሌዳው ስንጥቅ ወረቀቱ ላይ ቀጭን ጭረት ይተዋል፤ በታተመበት ቁጥርም ይረዝማል። በክረል ቅጂ ላይ የመጀመሪያዋ ገዢ በእጇ "ትኩስ ከማተሚያ ቤቱ፣ 1840" ብላ ጽፋበታለች፤ እዚያ ስንጥቁ ሁለተኛው መስመር ላይ ይቆማል። በእኛው ላይ አምስተኛው ደርሷል። ስለዚህ የእኛ ከ1840 በኋላ የታተመ ነው። ያኔም አልተሳሳትሁም፤ በእነዚያው እንግዶች ፊት፣ በዚያው የዝይ ጥብስ ላይ ብትጠይቀኝም ይህንኑ እደግምልሃለሁ። ካላመንህ አጉሊ መነጽርህን ይዘህ ና። የእኔን አላውስህም።

ስንጥቁ ደግሞ በአንተ ገጽ፣ በግራው በኩል ነው፤ ያን እኔ አላደረግሁትም። አሳታሚው ግን ሰሌዳውን አልጣለውም። እንደተሰነጠቀ ብዙ ዓመት አተመበት።

ትናንት ፒያኖ ቃኚው መጥቶ ነበር። "የግራዎቹን ቁልፎች ከፀደይ ወዲህ የነካቸው የለም፤ ልተዋቸው?" አለኝ።

"ማን ተዋቸው አለዎት? ሁሉንም ይቃኙ" አልሁት።

ድርሻህን ከፈለግህ እሱ ያለው እዚያ ፒያኖው ፊት፣ ወንበሩ ላይ ነው፤ በነጋዴ አይላክም።

አምላክ ደረትህን ከባሕሩ ብርድ ይጠብቅልህ፤ እህትህንም በጤና ያቆይልህ።

እስከ ዛሬም ባለቤትህ፣
ኢርምጋርድ