በአባቴ ስም ተጸለየልህ

ታዴ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ዛሬ ስድስት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ተያዘ። ያለህበትን ሳላውቅ ምን ብዬ እጠይቅሃለሁ? አንተ ደግሞ ዕድሜህን ሙሉ እንዲህ ያለ ቦታ የለም ስትለን ነው የኖርከው። ስለዚህ ከእኛ ልጀምር።

እኛ ደህና ነን። የናዝሬት ነፋስ እንደምታውቀው ነው፤ ጠርጌ ሳልጨርስ አቧራው ተመልሶ ይገባል። ልጅህ ሒሩት ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። ግድግዳው ላይ የሰቀልካቸውን የአብዮቱን ጢማሞች ሥዕል አላወረድኩም፤ ማን ደፍሮ ያወርዳል? ሒሩት ትንሽ ሳለች ቅዱሳን መስለዋት ስትሳለማቸው ያየሃት ቀን ትዝ ይልሃል? እንባህ እስኪመጣ ሳቅህ። ከዚያ ድንገት ተነሥተህ በሩን ዘጋህ። ያኔ ያየሁት ሳቁን ነበር፤ አሁን አሁን ግን በሩን ስትዘጋ ነው የምትታየኝ።

ካድሬ ነበርክና እሁድ እሁድ ልክ በቅዳሴ ሰዓት ቀበሌ አዳራሽ ትሰበስበን ነበር። እግዚአብሔር እንደሌለ አስረድተህ ስትጨርስ፣ ነጠላ ያጣፉት ባልቴቶች ከልማድ የተነሣ አሜን ይሉሃል። መቆጣት ያቅትህና ወረቀትህን ታገላብጣለህ። መምሬ ኃይሌም ከፊት ተቀምጠው መፈክር ሲባል ግራ እጃቸውን ያነሣሉ፤ ቀኙ ከነመስቀሉ ነጠላቸው ውስጥ ነው። ደግነቱ አብዮቱ የፈለገው ግራውን ነበር። እቤት ገብተን በዚህ ስንስቅ እንኳ ድምፃችንን ቀንሰን ነበር የምንስቀው።

የሞትክ ዕለት ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። መቂ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦብህ፣ ንስሐ ሳትገባ፣ ቄስ ሳታይ ሄድክብኝ። እድርተኞቹ መምሬን ይዘው መጡ። የቀበሌው ሊቀመንበርም ሽጉጡን ታጥቆ የሕይወት ታሪክህን ሊያነብ መጣ። ተራ እየተሰጣጡ ቀበሩህ። ጉድጓዱ አጠገብ መምሬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና የክርስትና ስምህን ጠየቁኝ። ያለ ክርስትና ስም ፍትሐት እንደማይሆን አንተም ታውቃለህ። እኔ ግን ስምህን አላውቀውም ነበር። የተጋባነው ማዘጋጃ ቤት ፈርመን ነው፤ ስጠይቅህም የክርስትና ስሜ ጓድ ነው እያልክ ታሾፍብኛለህ። እናትህ የሉም፤ አገርህ ሩቅ ነው። ቀና ስል ሊቀመንበሩ ከመምሬ ጀርባ ቆሞ ያየኛል። አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። የአባቴን የክርስትና ስም፣ ገብረ መድኅን አልኩ።

አባቴ ደግሞ ዴራ በሕይወት አሉ። እስከ አርባህ ድረስ መምሬ በዚያ ስም ጸለዩ። ልንገራቸው እያልኩ እነሣና ወኔ ይከዳኛል፤ አንድ ጊዜ የተዋሸ ቄስ ሁለተኛ ያምነኛል አላልኩም። አርባህ ባለፈ በሦስተኛው ሳምንት አባትሽ ወድቀዋል የሚል መልእክት መጣ። ገደልኳቸው አልኩ። አውቶቡስ ውስጥ እስከ ዴራ ድረስ ስንቀጠቀጥ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ወባ ይዞኛል ብላ ውሃ ሰጠችኝ። ወባ የያዛቸውስ አባቴን ኖሯል። በሳምንቱ ተነሥተው ሲቀመጡ እግራቸው ላይ ወድቄ ያደረግሁትን ተናገርኩ። አባቴ ሳቁ። ኃጢአቴ አስቀድሞ ከተነሣልኝ ምን ከፋኝ አሉ። ቆይተው ግን፣ ባልሽ ያለ ስንቅ ቀረ እኮ አሉኝ።

ያቺ ቃል እንቅልፍ ነሣችኝ። ቀበሌ ሄዶ ስሙ ከመዝገብ የጠፋ ሰው ነገ ተመለስ እየተባለ በር ላይ እንደሚቀር፣ አንተም እዚያ በር ላይ የቀረህ መሰለኝ። በአንድ በኩል ሊቀመንበሩን እፈራለሁ፤ በሌላ በኩል እግዚአብሔርን። የትኛውን አብልጬ እንደምፈራ ብትጠይቀኝ አልነግርህም።

መንፈቅህ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ሒሩት ትምህርት ቤት ሳለች ሊቀመንበሩ ብቻውን መጣ። ገባና በሩን ዘጋው። ቤቱን ሊወስድብኝ ነው ብዬ ነበር፤ ቀጥሎ ስለ አርባህ ሊመረምረኝ ነው አልኩ። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለመምሬ የሰጠሁት ስም ያንተ እንዳልሆነ ነገረኝ። ቀብሩ ላይ ሰምቶኛል። ለቅስቀሳ ወደ ጦር ግንባር ስትሄዱ፣ አዋሽ ላይ መኪናው ቆሞ ሳለ የክርስትና ስማችሁን ተነጋግራችኋል፤ ከሁለታችሁ አንዱ ቢሞት የቀረው ለቄስ ሊያደርስ። ስድስት ወር ያህል እኔ እሱን ስፈራ እሱም እኔን ሲፈራ ኖሯል። ስምህን ነገረኝ። ከዚያ የራሱንም ነገረኝ።

«እኔ ከሞትኩ ደግሞ የእኔን አንቺ ንገሪልኝ፤ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም» አለኝ።

ታዴ፣ ተቀየምኩህ። ከሚስትህ የደበቅከውን ሽጉጥ ለታጠቀ ሰው ሰጠኸው። ያላወቀ አይመረመርም ብለህ ይሆናል። ቢሆንም አልቅሻለሁ። ደግሞስ ወጥመድ ቢሆን? ሦስት ቀን አወጣሁ አወረድኩ። በአራተኛው፣ ሰውየው የገዛ አንገቱን እጄ ላይ ትቶ እንደሄደ ሲገባኝ ነጠላዬን አጣፍቼ መምሬ ዘንድ ሄጄ እውነተኛ ስምህን ነገርኳቸው። ማን ነገረሽ አሉኝ። ስምህን ብቻ ደገምኩላቸው። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁኝም። አንተ ስምህን አደራ የሰጠኸው አምነህ ነው ወይስ እንደ እኔ ፈርተህ ብዬ ግን ጠየቅኋቸው፤ ፈርቶ የጠራም ጠርቷል አሉኝ።

መንፈቅህ እሁድ ዋለ። መምሬ ጸሎቱን ሲያደርሱ ከቀበሌው አዳራሽ የሊቀመንበሩ ድምፅ በማጉያ ይመጣል፤ እግዚአብሔር እንደሌለ ያስረዳል። ስምህ ላይ ሲደርሱ እሱም ንግግሩን ጨረሰ፤ ባልቴቶቹ አሜን ሲሉ በማጉያው ተሰማ። ለአንተ ይሁን ብዬ ወሰድኩት።

ስምህን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሱንም አልጽፍም። ይህንንም ወረቀት ስጨርስ ምድጃ ውስጥ እጨምረዋለሁ። ግን አልረሳህም፣ ሆዴ። ጠዋት ጠዋት ሒሩት ሳትነሣ ሁለቱንም በከንፈሬ እጠራለሁ፤ ያንተን ከሙታን፣ የእሱን ከሕያዋን ጋር፤ አሁንም እንዳላቀያይራቸው እየፈራሁ።

ሚስትህ