ግራና ቀኙ የተምታታው ማሽን

ለውድ እህቴ ለእትዬ ጌኖቬፋ

እታለም፣ ክረምቱን እንዴት ተወጣሽው? ጉልበትሽስ? ብርድ ሲነካው የሚጠዘጥዝሽ ነገር ዘንድሮ ማረሽ ወይስ እንደ ልማዱ እንቅልፍ ነሳሽ? ባልሽ ቫለንቲስ ሳሉ ለቀቀው? ትምባሆውን ካልተወ ሳሉም እንደማይተወው ንገሪው። የኔን ምክር መቼም እንደማይሰማ አውቃለሁ፣ ግን ንገሪው። በረዶው ቀለጠላችሁ? ላሚቱስ ወለደች? እኔና ዜኖን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ከጤና በኩል የጎደለብን የለም፤ የጎደልሽብኝ አንቺ ነሽ።

ለገና የጻፍሽልኝ በጊዜው ደርሶኛል። ዝም ያልኩት ሳይገደኝ ቀርቶ እንዳይመስልሽ። ልጅሽ ቪቶልድ ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ ነውና፣ እማማ ለኔ ብላ የተወችልኝን ክፍል ለሙሽሮቹ ልስጣቸው ወይስ ተመልሳችሁ ትገቡበታላችሁ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ምን ብዬ ልመልስልሽ? ያን ጊዜ እኔም አላውቀውም ነበር። በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ አነሳሁና ድምፅሽን ከሰማሁ ማልቀሴ አይቀርም ብዬ መልሼ ዘጋሁት። አሁን ግን መልስ አለኝ፤ ከሥሩ ጀምሬ ላጫውትሽ።

ባለፈው መከር አንድ ጠዋት ሁላችንንም ወደ ምግብ አዳራሹ ጠሩን። አይተነው የማናውቀው ክራቫት ያሰረ ሰው ወረቀት እያነበበ፣ ሕዝቡ ዛሬ ቤቱ ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥን ነው የሚጫወተው፣ ፒንቦል የሚገዛ ጠፍቷል፣ ፋብሪካው ይህን ሥራ ያቆማል አለን። ፒንቦሉን በፎቶ አይተሽዋል፤ አራት እግር ያለው ሳጥን ነው፣ ላዩ መስታወት፣ ውስጡ መብራትና ደወል። የብረት ኳሷ እየተንከባለለች ስትወርድብሽ፣ በግራና በቀኝ ያሉትን ቁልፎች እየተጫንሽ በሁለት መምቻ ወደ ላይ ትመልሻታለሽ፤ ካመለጠችሽ ታች ያለው ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች፣ አበቃ። ዜኖን ሳጥኑን ይሠራል፣ እኔ ሽቦውን በየቀለሙ እየለየሁ ሚስማር በተመታበት ጣውላ ላይ ዘርግቼ አስራለሁ። ይኸውልሽ፣ ባልና ሚስት በአንድ ጠዋት የእንጀራ ገመዳችን ተበጠሰ።

ሰውዬው አክሎ፣ የተጀመሩትን ማሽኖች ጨርሳችሁ ትሄዳላችሁ አለን። ይሄኔ አጠገቤ የምትሠራው ሜክሲኮአዊቷ ኦፌሊያ፣ «እንዴ! ለቀብራችን ሳጥኑንም እኛው ልንሠራ ነው?» ብላ ጮኸች። ቀጥላ ወደ ባሌ ዞረችና፣ «ዜኖን፣ የኔን እንግዲህ ሰፋ አርገው፤ እንደምታየኝ ነኝ» አለችው። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሀል ሳቅን። ኦፌሊያ ያለች ጊዜ ሰው ደልቶት ማዘን እንኳ አይችልም።

የፋብሪካችንን ደንብ ነግሬሽ አላውቅም። እኛ ዘንድ ሌላው ሰው መቀመጫ ላይ እጅ መዘርጋት ነውር ነው። ሽቦ የምታስር ሽቦዋን፣ የምትበይድ ብየዳዋን፣ አናጢም እንጨቱን። የጎረቤትሽን መፍቻ ብታነሺ ቀኑን ሙሉ ሲያኮርፉሽ ይውላሉ። እኔ ስንት ዘመን እዚያ ስሠራ የኦፌሊያን መበየጃ አንድ ቀን ነክቼ አላውቅም፤ ጭሱ እየሸተተኝ፣ እጄ እየበላኝ።

የመጨረሻው ማሽን ላይ ስንደርስ ሃልቮርሰን የሚባሉት ሽማግሌ አለቃችን ሁላችንንም አየት አደረጉንና፣ «እኔ ቡና ልጠጣ ሄድኩ፤ ያየሁት ነገር የለም» ብለው ጀርባቸውን ሰጡን። በሉ ያለን ሰው ሳይኖር ሁላችንም ከመቀመጫችን ተነሳን። እኔ ሮጬ ኦፌሊያ ወንበር ላይ ጉብ አልኩና በየድኩ፤ አውራ ጣቴን ለበለበኝ፣ ግን ደስ አለኝ። ኦፌሊያ እግሮቹን ገጠመች። ዜኖን ደግሞ፣ በቤታችን አምፖል ሲቀየር ወንበር ከመያዝ ያለፈ ሥራ የማልሰጠው ዜኖን፣ የሁለቱን መምቻዎች ሽቦ ይዞ ቁጭ አለ! መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሲያጉረመርም ብታይው።

ማሽን ሳይጫወቱበት ከፋብሪካ አይወጣም። ሃልቮርሰን ተመልሰው መጡና ኳሷን ለቀቋት። በግራ ስትመጣ የግራውን ቁልፍ ተጫኑ፤ የተነሳው የቀኙ መምቻ ነው። ደግመው ተጫኑ፤ አሁንም የቀኙ። ኳሷ ዘው ብላ ገባች። ቀስ ብለው ወደ ዜኖን ዞሩ። እሱም ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ «ከኔ በኩል ሲያዩት እኮ ልክ ነው» አላቸው። አቤት የሳቅነው ሳቅ! ወንበር ይዤ ነው የሳቅኩት። ሳቁ መሀል ላይ ልቅሶ መጣብኝ፣ ኦፌሊያም አቀፈችኝ፣ ሁለታችንም ተነፋረቅን። ዜኖን ሊያስተካክለው ቢነሳ ሃልቮርሰን እጁን ያዙትና፣ «ተወው፤ ይሄ የናንተ ነው» አሉት። እንዲህ ያለ ማሽን መቼም አይሸጥ፤ ውሰዱት ተባልን።

የኛ ደረጃ ጠባብ ስለሆነ ቤት አልገባ አለ። ቢቸግረን የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ወሰድነው። አባ ቴዎፊል በሩ ላይ ቆመው፣ «ይሄ ቤተ ክርስቲያን እንጂ መጠጥ ቤት ነው እንዴ? በጉብዝናዬ ጊዜ ከተማው ይሄንን ቁማር ነው ብሎ ከልክሎት ነበር» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ቺካጎ ራሷ እየሠራችው ራሷ የከለከለችበት ዘመን ነበር። ዜኖን፣ «አባ፣ ይሄኛው ለኃጢአትም አይሆን፣ ተበላሽቷል» ሲላቸው ሳቃቸው አመለጣቸውና ወንበሮቹ ጀርባ አስቀመጥነው። አንሶላም አለበስነው።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ክረምት ባላነሳው ይሻለኛል። እኔ ማታ ማታ ቢሮ አጸዳለሁ። ዜኖን ዕቃ የሚጭንበት ካገኘ ይጭናል፣ ካላገኘ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ጢሙን መላጨት ተወ። አንድ እሑድ ሾርባውን እያማሰለ፣ «ሉድቪካ፣ ወደ ሀገራችን እንሂድ። ቫለንቲ እንጨት መሰንጠቂያው ጋ ቦታ አያጣልኝም» አለኝ። እኔም ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አውጥቼ በሩ አጠገብ አቆምኩት። ሁለታችንም እንዳላየ ሆነን በጎኑ እያለፍን ስንወጣና ስንገባ ሰነበትን። እታለም፣ ልደብቅሽ አልችልም፣ እናንተ ዘንድ መምጣቱ አልነበረም የከበደኝ። ሁለት እጃችንን ማንም አልፈለገውም ብለን መምጣቱ ነው የከበደኝ።

የቅበላው ማክሰኞ ደረሰ። እንደ ደንቡ አዳራሹ ውስጥ በማርማላታ የተሞላውን ቦንቦሊኖ ስንጠብስ ዋልን። ኦፌሊያን ጠርቻታለሁ፤ ሃልቮርሰንንም ብቻቸውን ከሚሆኑ ብዬ ጠርቻቸዋለሁ። ሰው በልቶ ሲጠግብ ዜኖን ምን እንደታየው እንጃ፣ አንሶላውን ገፈፈና ማሽኑን ሰካው። መብራቱ ቦግ ሲል አዳራሹ በሙሉ ዞረ። መጀመሪያ የቀረበው ባለ ቋሊማ ቤቱ ካዚሚየሽ ነው፤ «ዞር በሉ፣ በዚህ ነገር ሰፈር አስጨንቄ ነው ያደግኩት!» እያለ። ኳሷ ገባች። ሁለተኛዋም ገባች። ሦስተኛዋ ስትገባ፣ «ማሽኑ ሰክሯል!» ብሎ ጮኸ። ኦፌሊያ አፏን እንደሞላች፣ «ማሽኑ እቴ ጠብታ አልቀመሰም፤ ራስህን ጠይቅ» አለችው።

መላውን ያገኘችውም እሷ ናት። ክንዶቿን አጣመረችና በቀኝ እጇ የግራውን፣ በግራ እጇ የቀኙን ቁልፍ ይዛ ስትጫወት ኳሷ አልወርድም አለች። ከዚያማ ማን ይቻለው! ሁሉም ለቁርባን የቀረበ ይመስል እጁን አጣምሮ ተሰለፈ። ሰልፉ እስከ ደረጃው ደረሰ። ተረኛው ሲሳሳት ይጮሁበታል፣ ሲሳካለት ያጨበጭቡለታል። አባ ቴዎፊል መጀመሪያ ራቅ ብለው ቆሙ፣ ከዚያ ጠጋ አሉ፣ በመጨረሻ እጃቸውን አጣምረው ገቡበት። ኳሷ ስታመልጣቸው ያሏትን ቃል ጾም ስለሆነ አልጽፍልሽም።

ሃልቮርሰን ግን ማሽኑን አላዩም። ግድግዳ ተደግፈው፣ ክራቫታቸው ላይ ስኳር ተበትኖ፣ ሰልፉን ነበር የሚያዩት። ጠጋ ብዬ ምነው ብላቸው ከኪሳቸው የበር ቁልፍ አወጡ። ፋብሪካው ዕቃውን ሲያራግፍ መለዋወጫውን በርካሽ ሰብስበውታል። አንድ የተዘጋ የልብስ ማጠቢያ ቤትም ተከራይተዋል፤ ከአዲስ ዓመት ጀምሮ ተቆልፎ የተቀመጠ። ለምን አልከፈቱትም ስላቸው፣ «ፈራኋ ልጄ። ማን ይፈልገዋል እያልኩ ፈራሁ። አሁን እይው እንግዲህ፤ ተበላሽቶ እንኳ ይሰለፉለታል» አሉኝ። ወዲያው፣ «ሰኞ ትመጣላችሁ? አንቺም፣ ኦፌሊያም፣ ባልሽም። ባልሽ ግን ሽቦ አጠገብ ድርሽ እንዳይል» አሉኝ። እዚያው አቅፌ ሳምኳቸው። ስኳሩ እኔም ላይ ተጋባ።

ይኸው ከሰኞ ጀምረን አራት ሆነን እየሠራን ነው። ሰዎች ቤታቸው ያስቀመጡትን አሮጌ ማሽን ያመጡልናል፣ እንጠግናለን። ጥቂት አዲስ ያዘዘም አለ። እስከ በጋው ሥራ አለን፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዚአብሔር ያውቃል። ሃልቮርሰንም አልዋሹንም፣ «ከበጋው በኋላ ቃል አልገባም» ብለውናል። ማሞቂያው ያንኮራፋል፣ ወለሉ አሁንም ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ይዘጋም ይሆናል። አውቄ ነው የገባሁበት።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። በሁለተኛው ቀን ሽቦዬን ዘርግቼ ሳስር ከእንጨት ሥራው በኩል ፉጨት ሰማሁ። ዜኖን ነው፤ መላጊያውን እየገፋ ያፏጫል። ከመከር ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። ኦፌሊያ፣ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ነካው?» ስትል፣ «እባክሽ ዝም በይ፣ ከሰማን ያቆማል» አልኳት። እሷም ገባት፤ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን አዳመጥነው። ማታ ቤት ስንገባ ጢሙን ተላጨ። ከዚያ ሻንጣውን አንስቶ አልጋ ሥር መለሰው።

እንግዲህ መልሴ ይሄው፤ ክፍሉን ለልጆቹ ስጫቸው። ሙሉ በሙሉ ስጫቸው እንጂ ሉድቪካ ምናልባት ከመጣች ብለሽ ጥግ እንዳታስቀሪልኝ። ግድግዳውን ደስ ባላቸው ቀለም ይቀቡት። እማማ ብትኖር ባዶ ክፍል ከምታይ ሕፃን ሲያለቅስበት ብትሰማ ነበር የምትወደው። ስጽፍልሽ አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው፤ ግን ደስ እያለኝ ነው የምጽፈው።

ቪቶልድን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ሙሽራዪቱን ያግናን ገና ሳላያት እንደወደድኳት ንገሪያት። ቫለንቲን በትምባሆው የተነሳ ከሩቁ ሰላም በይልኝ። ላሚቱን እንኳ ጆሮዋን እከኪልኝ። ዜኖን ሁላችሁንም በጣም ሰላም ይላል፤ ኦፌሊያም ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች።

አንቺ ግን ክፍል የላትም ብለሽ እንዳትጨነቂ። በእንግድነት ስመጣ ቫለንቲን ወደ ድርቆሹ ቤት ሰደሽ እኔ አንቺ አጠገብ እተኛለሁ፣ እንደ ልጅነታችን። ብርድ ልብሱን እንዳትጎትቺብኝ ብቻ።

እህትሽ ሉድቪካ
ቺካጎ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 2000