ከድንበር ማዶ የመጡት አራት ቡሎኖች

ሸሕዲ፣ ኅዳር 9 ቀን 1972 ዓ.ም.

እንድጠግናት የመጣችው የወረዳው አስተዳዳሪ አሮጌ ላንድሮቨር፣ ከሥር የሚሸከሟት የባሌስትራ ቡሎኖቿ ተበልተዋል። እዚህ ብየዳ ቤት የሚሠራው ቡሎን ለስላሳ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ቢቆረጥ አሻጥረኛ እባላለሁ። ጠንካራው ደግሞ ከሱዳን በኮንትሮባንድ የገባ ነው፤ ቢያውቁብኝ ከማዶ ካሉት ሽፍቶች ጋር ትገናኛለህ ይሉኛል። ወዲያ ብል ወዲህ ብል እስር ነው።

ለሰው ነፍስ ብዬ ጠንካራውን አሰርሁ። አናቱ ላይ ያለውን የውጭ አገር ምልክት በሞረድ ፋቅሁት። ይሄኔ አራቱም እንደ ብር አብረቀረቁ! መፋቃቸው እንዳይታወቅ የተቃጠለ ዘይትና አፈር ለቀለቅሁባቸው።

አስተዳዳሪው መጥተው ጎንበስ ብለው አዩ። "ጎሽ!" አሉኝ። ከዚያ ወደ ሾፌራቸው ዞሩ፦ "ለነገው ሰልፍ ወንዝ ወስደህ ከላይ እስከ ሥር እጠባት።"

ይህን የምጽፈው የመኪናዋን ድምፅ እየጠበቅሁ ነው።