ለእናቴ የተነፈገች አንዲት ዓረፍተ ነገር

ለተከበሩ የፊልም ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጆሮዎ ደህና እንደሆነ ከሥራዎ ተረድቻለሁ፤ የማይሰማ ሰው መኖሩን የዘነጉት ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛልና ደህንነቱን ያብዛልዎ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ታላቅ ወንድሜን ግን ያውቁታል፤ የድርጅትዎ ሹፌር ነበር። አንድ ቀን ተዋናይ ሲቀር አዘጋጁ የዘበኛ ካፖርት አልብሶ በር ላይ አቆመውና «እንዳመጣልህ ተናገር» አለው። እሱም ጀርባውን ለካሜራው እንደሰጠ፣ አምሽቶ ለሚገባው ባለታሪክ «ግባ እንጂ ወንድሜ፤ የኔ እናት እኔ ሳልገባ ዓይኗን አትከድንም» አለው። ፊልሙ ሳይወጣ፣ የእናንተን መብራትና ገመድ እንደጫነ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። እናታችን ማጅራት ገትር ጆሮዋን ከነሳት ቆይቷል፤ ማንበብ ግን አይታክታትም ነበር።

ቅሬታዬም እነሆ፦

፩. የፊልሙ ዲቪዲ ሲወጣ ገዝቼ ብወስድላት ንግግሩን ከሥር የሚያስነብብ የግርጌ ጽሑፍ የለውም። ቢሮዎ መጥቼ ብለምን፣ የሽያጭ ኃላፊዎ «አጠገቧ ቁጭ ብለሽ አትነግሪያትም?» ብለው ስለመከሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ። እንደ ምክራቸው ቃሉን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። አንብባ ራሷን ነቀነቀች። «ይሄ ያንቺ ነው፤ እኔን ለማባበል የጻፍሽው። የሱን ስጪኝ» አለችኝ። ብምል ብገዘት አላመነችኝም። ከዚያ ወዲያ ስትታመም ሐኪሟ ያለውን ስጽፍላት እንኳ «እውነት እንዲህ አለ?» እያለች ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር።

፪. ደጅ ስጠና ከርሜ፣ «መስማት ለተሳናቸው ጽሑፍ ያለው» የሚል አዲስ ዲቪዲ ስላወጡልን እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጠች። የዋናው ተዋናይ ንግግር አንድም ሳይቀር ወጣ፤ የበሩ መንጓጓት፣ የውሻው ጩኸት ሳይቀር ተጻፈ። የወንድሜ ተራ ሲደርስ ጽሑፉ «ሰውየው ይናገራል» አለ። በቃ። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «መናገሩንማ አውቃለሁ፤ ምን ይላል?» አለችኝ። እስክሪብቶ አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት፤ ብጽፍላትስ መቼ ልታምነኝ!

፫. ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነበር፤ ያቺ ዓረፍተ ነገር ትጨመርልን የሚል። ደብዳቤውን ጀምሬ ሳልጨርስ እናቴን ቀበርናት። ስለዚህ በዚህ ረገድ ሥራ አቅልለንልዎታልና እንዳይደክሙ።

ውለታዎን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ የማትዘነጋው፣
የሟች ሹፌርዎ እህት፣ የሟች ተመልካችዎ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዲቪዲው ሲጀምር የሚወጣው «ያለ ፈቃድ ማባዛት በሕግ ያስቀጣል» የሚለው ማስጠንቀቂያ በትልልቅ ፊደል፣ ጥርት ብሎ ስለተጻፈ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። እናቴ ደጋግማ አንብባው «ምን አጠፋን?» ብላኛለች።