የእማ ወገብና የእኔ ባሌስትራ

ኅዳር 6 ቀን 2001

ከአምበር ጤፍ ጭኜ ቢቸና ገባሁ። ፀሐዩ ደህና፣ መንገዱ እንደ ልማዱ። ይቺ ላንድክሩዘር ዕድሜዋ ከትዳሬ ይበልጣል፣ ግን ትሠራለች… ማን ይከሳታል?

ማታ እህቴ ዘሪቱ ከሞጣ ደወለች። አራስ ናት። "ለጥር ሥላሴ ልጄ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ትነሣለች። እማ ካልመጣች ግን ድግስ የሚባል አልደግስም" አለችኝ። ስልኩን ለእማ ሰጠሁ። "እግዜር ያሳድጋት" ብላ መለሰችልኝ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። በዚያች መኪና አልሄድም፣ ወገቤን ትቆርጠኛለች ባይ ናት። አውቶቡስማ ገና ሲነሣ ያስመልሳታል።

ዘሪቱ ከስንት ዓመት ስለት በኋላ ያገኘቻት ልጅ… እማ እንዴት ትቀራለች?

ኅዳር 9

መካኒኩ አካለ ወልድ ጋራዥ ዋልኩ። ከሥር ገብቶ ጭነት የሚሸከሙትን ብረቶች አየና "ባሌስትራው ደክሟል፣ ብረት እንጨምርበት" አለ። ቢቸና ውስጥ እህል የሚጭን ሁሉ የሚያደርገው ነው። ይሁን አልኩ። ጠንካራ መኪና አትንገጫገጭም… አይደለም እንዴ?

ኅዳር 16

ተጨመረ። ከኋላዋ ከፍ ብላ ቆመች። ደስ ስትል። ባለቤቴ አየሁሽ በሩ ላይ ቆማ "ቂጧን ሰቅላ ውሃ የምትጠጣ አህያ አስመሰልካት" አለችኝ። ሚስት ናት፣ ምን ይደረጋል።

እማን ለምኜ፣ በርጩማ አስቀምጬ አሳፈርኳት። እስከ ገበያው ብቻ። መኪናዋ ባዶዋን ስለሆነች እንደ ፍየል ዘለለች። እማ መሀል መንገድ ላይ "አውርደኝ" አለች። ወረደች፣ በእግሯ ተመለሰች። ዘወር ብላም አላየችኝ።

ተናድጄ እራቴን አልበላም አልኩ። በኋላ ግን በላሁ።

ኅዳር 17

አየሁሽ ገና ከመኝታዬ ሳልነሣ፦ "አንተ ሰውዬ፣ የምትጭነው ጤፍ ነው ወይስ እናትህን?"

እውነቷን ነው። ያ ሁሉ ብረት ለኩንታል እንጂ ለሰው አይሆንም። አካለ ወልድ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። "ለስላሳው ባሌስትራ ከባሕር ዳር ይመጣል። ግን እንደ ድሮው አትጭንባትም፣ እወቀው" አለኝ። የእንጀራዬን ግማሽ ተው ማለቱ ነው። አሰብኩ፣ አሰብኩና… አስመጣልኝ አልኩት።

ታኅሣሥ 8

ዕቃው መጣ። ባሌስትራው፣ ሾክ አብዞርበሩ፣ ላስቲኮቹ። ብሎኑ ዝጎ አልፈታ ብሎ ስንታገል ዋልን። እስከ ክርኔ ግራሶ ነኝ። አየሁሽ እንዲህ ሆኜ አልጋ እንዳልነካ አስጠንቅቃኛለች።

ታኅሣሥ 9

አለቀ። አየሁሽን ይዤ ደብረ ወርቅ ደርሼ መጣሁ። ኮረኮንቹ የት ገባ? ስንመለስ አየሁሽ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ግቢ ከገባን በኋላም ሳልቀሰቅሳት ትንሽ ተቀመጥኩ። ደስ ብሎኛል።

ከሰዓት አንድ ነጋዴ ሙሉ ጭነት አለኝ ቢለኝ አልችልም አልኩት። ትንሽ ቆጨኝ። ትንሽ ብቻ።

ታኅሣሥ 22

እማን ቤተ ክርስቲያን አድርሼ መለስኳት። መኪናዋ አልዘለለችም። እማ ግን ስትወርድ ፊቷ ጥሩ አይደለም።

"ወገብሽን አመመሽ?"

"ምንም አላመመኝ።"

"ታዲያ ሞጣ እንሂዳ።"

"አልሄድም።"

ጮህኩባት ማለት ይቻላል። ይህን ሁሉ ለፍቼ… "ምን ጎደለ በይ፣ ንገሪኛ" አልኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ነገረችኝ።

አባባ የታመመ ጊዜ በዚህችው መኪና ሞጣ ሐኪም ቤት ስንወስደው፣ እሷ ከኋላ ራሱን ጭኗ ላይ ይዛ ነበር። በየጉድጓዱ ያቃስት ነበር አለች። እኔ እየነዳሁ… ሞተሩ ይጮሃል፣ አልሰማሁም። "'ለልጄ ለባየ እንዳትነግሪው፣ ይደነግጣል' ይለኝ ነበር" አለች። እዚያው ሞጣ ነው ያረፈው። ሦስት ዓመት ሆነው፣ ይህን አንድ ቀን አንሥታው አታውቅም።

"ወገቤ አይደለም ልጄ። እሱ እያቃሰተ ያለፈበትን መንገድ እኔ ተመችቶኝ ልለፍበት?"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

"አስከሬኑን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም እማ? በዚያ መንገድ በሄድኩ ቁጥር እሱን ነው የማስበው" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "በሄድክ ቁጥር?"

"በሄድኩ ቁጥር።"

"ብቻህን?"

"ታዲያ ከማን ጋር?"

ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤት ገባች።

ታኅሣሥ 23

እማ የክት ቀሚሷን አጥባ አስጥታለች። ምን ተገኘ ብላት "ብቻህን አትሄድም" አለችኝ።

ጥር 6፣ ሞጣ

ደረስን። እማ ከኋላ ተቀመጠች፣ ያኔ የተቀመጠችበት። ከፊት ሁኚ ብላት እምቢ አለች፤ አየሁሽ ከፊት ሆነች። እስከ ደብረ ወርቅ ቃል አልወጣትም። በመስታወት አያታለሁ… እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው።

ከዚያ ማውራት ጀመረች። ስለ አባባ። ስለ ሕመሙ አይደለም። ለሠርጋቸው በቅሎ ተውሶ ሲመጣ፣ በቅሎዋ ወንዝ ላይ ጥላው ሄዳ፣ ሙሽራው እርጥብ ሱሪ ለብሶ ስለመድረሱ። አየሁሽ በሳቅ ሞተች። እኔ ይህን ሰምቼ አላውቅም። እንዴት እስከ ዛሬ አልነገረችንም?

ግንደወይንን ካለፍን ቆይተናል፣ "ያ ትልቁ ጉድጓድ የታለ?" አለች።

"አለፍነው እማ።"

"መቼ?"

"አንቺ ስታወሪ።"

ወሬዋን ካቆመችበት ቀጠለች።

ጥር 8፣ ሞጣ

ትናንት ልጅቷ ክርስትና ተነሣች። ወለተ ሥላሴ ተባለች። ዘሪቱ እማን እያየች ስታለቅስ፣ ስትስቅ ዋለች። እማ ሕፃኗን ለማንም አልሰጥም ብላ፣ የክርስትና እናቷ እንኳ ተራ ጠበቀች። እኔ በልቼ፣ ጠጥቼ፣ መኪናዬን ለጠየቀኝ ሁሉ ከሥር እያሳየሁ ዋልኩ።

ነገ እንመለሳለን። አሁን እማ ጠርታኝ ነበር። ስንመለስ አየሁሽ ከኋላ ትሁን፣ እኔ ከፊት ነኝ አለች።

"ምነው?" አልኳት።

"መንገዱን ልየው።"