የአሮጊቷ ሊብሬ

ለምወድሽ እህቴ፣

ሰላምሽ እንዴት ነው? ሥራውስ? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? እማዬ በየቀኑ የምትጠይቀኝ ስለ እሱ ነውና መጀመሪያ የእሱን መልስ ላኪልኝ። እኛ እንዳለን አለን። እማዬ እህል መቅመስ ጀምራለች፤ ከአልጋዋ የምትነሳው ግን እስከ ሰሞኑ ሰው ሲመጣ ብቻ ነበር። እኔም ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ። አስተማሪዎቹ ስሜን ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እሱ ራሱ ያስጠላኛል።

ይህን የምጽፍልሽ ስለ አሮጊቷ መኪናችን ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ የእማዬ አልጋ ስልኩ አጠገብ ነው፤ አጎታችንም እስከ ቅርብ ጊዜ ከቤታችን አይጠፉም ነበር።

ወንድማችን ከተቀበረ ሳምንት ሳይሞላው፣ ለቀስተኛው ገና ሳሎን ተቀምጦ፣ አጎታችን ወደ እማዬ ጠጋ ብለው ኪሱ ተፈትሿል ወይ አሏት። የማን ኪስ አለች ግራ ገብቷት። የልጁ ነዋ፣ የመኪናዋ ሊብሬ የት ገባ አሉ። እህት ዓለም፣ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ወንድማችን ሊብሬዋን በላስቲክ ጠቅልሎ በሸሚዙ የደረት ኪስ ይዞ እንደሚዞር ታውቂያለሽ። አንቺ ራስሽ፣ በቃ አግባትና እንረፍ እያልሽ ትስቂበት ነበር። ሆስፒታል የገባ ዕለትም ይዟት ነበር። ልብሱን ልንቀበል ስንሄድ የጽዳት ሠራተኛዋ ከሌላው ጋር ተቃጥሏል አለችን። ሊብሬዋም አብራው ሄደች ማለት ነው።

አጎታችን ለምን እንደቸኮሉ የገባኝ አንድ ባለ ሆቴል ይዘው የመጡ ጊዜ ነው። ሰውዬው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ አሮጊቷን ዞራት። ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወንድማችን ቦታ ላይ ዘፍ አለ። መቀመጫው እኮ በእሱ ልክ ነው የጎደጎደው! ጣሪያዋን ቆርጦ፣ ሞተሯን አውጥቶ፣ ሆዷን አፈር ሞልቶ አበባ ሊተክልባትና ሆቴሉ በር ላይ ሊያቆማት ነው። ሙሽሮች ፎቶ ይነሱባታል ብሎ ሳቀ። አጎታችንም አብረውት ሳቁ። አያታችን የገዟት፣ አባዬ የነዳት፣ ወንድማችን ስንት ዓመት ከሥሯ ተኝቶ ነፍስ የዘራባት መኪና የአበባ መደብ ልትሆን!

ሊብሬ ከሌላት ግን አልገዛም አለ፤ ምትክ ይውጣላት። እማዬ ለአጎታችን ውክልና ፈረመች። እንደፈለጋችሁ አድርጉ፣ እኔ ምን ቀረኝ አለች። እሷን አልቀየምኳትም።

ያን ዕለት ሰዎቹ ሲሄዱ ገብቼ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ሆኜ ወንድማችን ይህን ወንበር አንስቶ፣ ምንጣፉን ገልጦ፣ እጄን ይዞ ብረቱን ያስዳስሰኝ ነበር። ዓይንህን ጨፍንና አንብብ ይለኛል። የሻንሲ ቁጥሯ እዚያም ተቀርጿል። ሞተሩ አጠገብ ያለውን ሁሉም ያየዋል፣ ይህችን ግን እኔና አንተ ብቻ ነን የምናውቃት ይለኝ ነበር። ሁሌም ስምንቷ ላይ እሳሳታለሁ፤ ሦስት ናት እላለሁ፣ እሱ ይስቃል።

ከዚያ በኋላ የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮው መከራ መጣ። አጎታችን መነጽሬን ረሳሁ እያሉ ከትምህርት ቤት እያስወጡ ፎርም አስሞሉኝ። ኮሪደሩ የላብና የእርጥብ ካርቶን ሽታ አለው። እዚያ ወንድማችን ስም የለውም፣ ‹ሟች› ነው። ሟች እዚህ ጋ፣ ሟች እዚያ ጋ። አንዷ መስኮት ላይ ያለችው ሴትዮ ኦቾሎኒ እየፈለፈለች ባለንብረቱ ለምን ራሱ አይመጣም አለችን። ሞቷል አልኳት። የሞት ማስረጃው ፊቷ ተዘርግቷል እኮ፤ ልጣጩን የምታራግፈው እሱ ላይ ነው። እፍ ብላ አነበበችና፣ ታዲያ በሕይወት እያለ ለምን አላመለከተም አለች። አጎታችን ደግሞ፣ ልክ ነሽ የኔ እመቤት፣ ልጁ ዝንጉ ነበር ብለው ተሽቆጠቆጡላት።

በመጨረሻ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የቢሮው መርማሪ የሻንሲ ቁጥሯን አይቶ ከፋይላቸው ጋር ማመሳከር። አጎታችን በዚያውም ለገዢው ታምራለች ብለው አንድ የመኪና ገላ ቀጥቃጭ አመጡ። የብርጭቆ ወረቀት ከእጁ ስለማይለይ ሁሉም ብርጭቆ ነው የሚለው። ዝገቷን ፋቅ ፋቅ አድርጎ ቀለም ያስነካታል ተባለ። ከዚያ አጎታችን ቸኩያለሁ ብለው፣ የዛገውን አንተ አሳየው ብለውኝ ወጡ።

አሳየሁት።

በማግሥቱ ክሬን ጭኗት ወደ ቢሮው ሄድን። መርማሪው ኮፈኗን ከፍቶ፣ ሞተሩ አጠገብ ያለውን ብረት በጨርቅ ወለወለ፤ ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ ቀባ። ምንም የለም። በጣቱ ዳሰሰው። ብረቱ መስታወት ሆኗል፣ ፊትሽን ያሳይሻል። የዚህችን መኪና ቁጥር ማን ነው ያጠፋው፣ የሌባ ሥራ ነው አለ። አጎታችን አንገታቸው ሁሉ ላብ በላብ ሆነ። ብርጭቆ ተጠርቶ መጣ። አንተ ደንቆሮ፣ እዚህ ጋ ግራይንደር አሳርፍ ያለህ ማነው ብለው ጮኹበት። ብርጭቆ መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ ከዚያ፣ ጋሼ ዝገት ይነሳ አላችሁ፣ አነሳሁ፣ እኔ ቁጥር አላስተምር አለ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ።

መርማሪው እንዲህ ያሉ የጥንት መኪኖች አንዳንዴ ሌላም ቦታ ቁጥር አላቸው፣ እሱ ከተገኘ እናያለን፣ ካልተገኘ ግን ምትክ የሚባል ነገር የለም አለ። አጎታችን ወደ እኔ ዞረው፣ አንተ ከወንድምህ ጋር ከሥሯ አትወጣም ነበር፣ ሌላ ቦታ ታውቃለህ ወይ አሉኝ። እኔ መፍቻ አቀባይ ነበርኩ ጋሼ፣ ምን አውቄ አልኳቸው።

ባለ ሆቴሉ በተሰረቀ መኪና ስሜ አይነሳም ብሎ ቀረ። አሁን አሮጌ ጀልባ ገዝቶ አበባ እየተከለበት ነው አሉ። አጎታችንም ከእኛ ቤት እግራቸውን ሰብስበዋል።

ክሬኑ አሮጊቷን መልሶ ግቢ ሲያወርዳት እማዬ ማንም ሳይጠራት ተነስታ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። ምን አሏችሁ አለችኝ። ቁጥር የላትም አሉን አልኳት። እጆቼን አየች። ከዚያ፣ እጅህ ግራሶ ነው፣ ታጥበህ ና፣ ምሳ ላቅርብ አለችኝ። ራሷ አቀረበች፣ እህት ዓለም።

እንግዲህ ፈቃድ ስታገኚ ነዪ። እኔም እስከዚያ ትምህርቴን እጨርሳለሁ፤ መንጃ ፈቃድ የማወጣበት ዕድሜም ይደርሳል። ያኔ የቢሮውን ደጅ አንቺና እኔ እንጠናለን። የኋላውን ወንበር ምንጣፍ አጥቤ መልሼ አንጥፌዋለሁ፤ ሳትመጪ ማንም አያነሳውም።

ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ የእንግዳ አገር ፊቱን አያዙርብሽ። እማዬ ጉንጯን ሳም አድርግልኝ ብላለች።

ታናሽ ወንድምሽ

ይህን ሳልዘጋው፤ ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ዓይኔን ጨፍኜ አነበብኩ። ስምንቷን አልተሳሳትኩም።