መታወቂያዬ ላይ የሌለው ዕድሜ

ሰኔ 14 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ እንጅባራ

የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ለከሰል ለሚሆነው ለዲከረንስ ዛፍ ተከላ የጠየቅሁትን ብድር ዛሬ ከለከለኝ። ያስከለከለኝ ጌትነት ነው፤ ሃያ ዓመት አብረን ከሰል የነገድን ጓደኛዬ።

ይህ የአረንጓዴ ልማት ብድር ስድሳ ዓመት ላለፈው ሰው አይሰጥም። መታወቂያዬ ሃምሳ አራት ይላል። የቀበሌው ጸሐፊ በግምት የጻፈው ነው፤ እኔም ስለተመቸኝ ዝም አልሁ። እውነተኛውን ዕድሜዬን የነገርሁት ለጌትነት ብቻ ነበር፣ ያውም የአባቴን ተዝካር ያወጣሁ ዕለት።

ዛሬ ኮሚቴው ፊት ተነሣና፣ «ጋሽ አያሌው፣ ስድሳ ሁለት ሞልቶዎት የለም እንዴ? ዛፉ ለመቆረጥ አምስት ዓመት ይፈልጋል። እስኪደርስ ማን ይጠብቀዋል?» አለኝ። አንተ ሲለኝ የኖረ ሰው!

«ያንተን ማሳ ስንተክል ጉድጓዱን የቆፈርሁት እኔ አይደለሁም?» አልሁት።

«ያኔማ ጎረምሳ ነበሩ» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

የብድር ተራዬ ለጌትነት ልጅ መተላለፉን የሰማሁት ስወጣ ነው።

ጥርባ ቀበሌ ያለው የአባቴ መሬት ታርሶ ችግኝ ይጠብቃል። በሬ ተከትዬ እህል የምዘራበት ጉልበት ከእንግዲህ የለኝም። መጦሪያዬ ያ ዛፍ ነበር።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኋት። ስጨርስ፣ «ታዲያ ዋሸ እንዴ?» አለችኝ።

አልዋሸም። ቢዋሽማ መልስ አላጣም ነበር።